ከዐውደ ጥናቱ በኋላ፦ የሒሳብ መምህራን ሙያዊ ማሻሻያ በሸዋ ቤንች የቡና ምድር

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ማዕቀፍ እያንዳንዱ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለሙያው ማሻሻያ እንዲያውል ይጠይቃል። ሆኖም ሰዓቱ ተሟልቶ፣ ቅጹም ተፈርሞ የሒሳብ ክፍለ ጊዜው እንደ ቀድሞው ሊቀጥል ይችላል። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ4 በመቶ በታች ነበሩ። ለውጤቱ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም የማስተማር ጥራት ከእነዚህ አንዱ ነው። ታዲያ ዐውደ ጥናት ወደ ክፍል የሚዘልቀው ምን ላይ ሲያተኩር ነው?

ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጽሑፍ የትምህርቱን ይዘት ማወቅና አጠቃላይ የማስተማር ዘዴን ማወቅ ብቻውን በቂ አለመሆኑን አመልክቷል። መምህሩ የትኛው ምሳሌ ለየትኛው ፅንሰ ሐሳብ እንደሚስማማ፣ ተማሪውም የት ላይና ለምን እንደሚሳሳት ማወቅ ይኖርበታል። «አሳታፊ ዘዴ» በሚል ጥቅል ርእስ የሚሰጥ ሥልጠና ይህን ዕውቀት ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል።

የንጥጥርና ወደርን ትምህርት እንውሰድ። በሸዋ ቤንችና በሚዛን ተፈሪ ዙሪያ ቡና የቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት በግምት 6 ኪሎ እሸት ቀይ ቡና ያስፈልጋል፤ አንድ ፈረሱላ ደግሞ 17 ኪሎ ነው። ለአንድ ፈረሱላ ንጹሕ ቡና ስንት ኪሎ እሸት ያስፈልጋል? መልሱ 102 ነው። በመደመር የሚያስብ ተማሪ ግን «6 ከ1 በ5 ይበልጣል፤ ስለዚህ 17 ሲደመር 5፣ 22» ሊል ይችላል። ይህ ዓይነቱ ስሕተት በልዩ ልዩ አገሮች ተስተውሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመው የካትሊን ሃርት የእንግሊዝ ጥናትም በሰፊው መዝግቦታል።

መምህሩ «ስሕተት ነው» ብሎ ቀመሩን ቢጽፍ ተማሪው ቀመሩን ይገለብጣል፤ አስተሳሰቡ ግን አይለወጥም። «22 ኪሎ እሸት ተፈልፍሎ ስንት ኪሎ ይወጣዋል?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ከ4 ኪሎ በታች እንደሚወጣ ተማሪው ራሱ ይደርስበታል። ቡና ሲለቀምና ሲመዘን ያየ ልጅ ከቤቱ ይዞት የመጣው ዕውቀት ስሕተቱን ማረሚያ ይሆነዋል።

እንግዲህ ዐውደ ጥናቱ ከዚህ ሊነሣ ይገባል። መምህራኑ የተማሪዎቻቸውን ደብተር ይዘው ይመጣሉ፤ ስሕተቶቹን በዓይነት ይለያሉ፤ አንድ ትምህርት በጋራ ያቅዳሉ፤ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ተማሪዎቹን ይመለከታሉ፤ ከዚያም ዕቅዱን ያርማሉ። በጃፓን የቆየው የትምህርት ጥናት ልማድ በዚህ መንገድ ይሠራል። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓን ድጋፍ የተጀመረው የሒሳብና ሳይንስ ማጠናከሪያ መርሐ ግብርም ማቀድ፣ መተግበር፣ ማየትና ማሻሻል የሚለውን ዑደት ተከትሏል፤ ተመሳሳይ ፕሮጀክት በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ተጀምሯል።

በአካባቢው ሁለት ነገሮች ልዩ ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው፤ በቤቱ ቤንችኛ የሚናገር ተማሪ በሁለተኛ ደረጃ ሒሳብን የሚማረው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ የቋንቋ ችግር የሒሳብ ድክመት መስሎ ሊታይ ይችላል። ሁለተኛው ጊዜ ነው፤ የክትትል ጉብኝቱ ቤተሰብ ለቡና ለቀማ ከሚጣደፍበት ወቅት ጋር እንዳይጋጭ መታቀድ አለበት።

ለሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲና በድኅረ ምረቃ ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች በዚህ ውስጥ ግልጽ የጥናት መስክ አለ። ይሁንና መለኪያው ሊታሰብበት ይገባል። በዐውደ ጥናቱ ማብቂያ የሚሞላ የእርካታ መጠይቅ የሚነግረን መምህራኑ መደሰታቸውን ነው። ለውጡ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ወደ ክፍል በመመለስ፣ 22 የሚል መልስ የሚሰጡ ተማሪዎች መቀነሳቸውንና መምህሩም ያን መልስ ሲያገኝ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ በማየት ነው።