የስዊዘርላንድ ስልት፦ ከጣቢያ ሰዓት እስከ እጅ ሰዓት

«የስዊዘርላንድ ስልት» ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው ነጭ ገጽ፣ ጌጥ የሌለው ፊደልና ቀጥ ያለ መስመር ነው። ይህ አረዳድ ግን ውጤቱን ከምክንያቱ ይነጥላል። ስልቱን በሚገባ ለመረዳት ከመልኩ አስቀድሞ ሊፈታው የታሰበውን ችግር መመርመር ያሻል። ለዚህም የባቡር ጣቢያ ሰዓት፣ የኅትመት ፊደልና የእጅ ሰዓት ማሳያ ይሆናሉ።

መሐንዲሱ ሃንስ ሂልፊከር እ.ኤ.አ. በ1944 ለስዊዘርላንድ ፌዴራል የባቡር ድርጅት የነደፈው ሰዓት ቁጥር የለውም፤ ገጹ ላይ ያሉት ከሩቅ የሚለዩ ጥቋቁር መስመሮች ብቻ ናቸው። በኋላ የተጨመረው ቀይ የሰከንድ ቆጣሪ ቅርጹን የወሰደው ባቡር አስነሺው ከሚያሳየው ቀይ ክብ ምልክት ነው። ቆጣሪው ዙሩን በ58 ሰከንድ ተኩል ገደማ ጨርሶ ከላይ ይቆማል፤ ከዋናው ሰዓት የደቂቃ ምት ሲደርሰው እንደገና ይነሣል። ስለዚህ ሰከንዱን በትክክል አያሳይም። የሚያረጋግጠው ደቂቃው በሰዓቶቹ ሁሉ በአንድነት መለወጡን ነው፤ ለባቡር መነሻ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

በኅትመትም ተመሳሳይ አካሄድ ይታያል። ማክስ ሚዲንገርና ኤድዋርድ ሆፍማን በ1957 ያወጡት፣ በ1960 ሄልቬቲካ የተባለው የፊደል ቅርጽ፣ እንዲሁም ዮሴፍ ሙለር ብሮክማን ያስፋፋው የፍርግርግ ሥርዓት ጽሑፍንና ሥዕልን በልክ ያደራጃሉ። አንድ መልእክት በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛና በጣልያንኛ ጎን ለጎን በሚቀርብበት አገር ፍርግርጉ ለየቋንቋው እኩል ስፍራ ለመስጠት ያገለግላል። ይሁንና ከ1968 ጀምሮ በባዝል ያስተማረው ቮልፍጋንግ ቫይንጋርት ደንቡ ራሱ ልማድ ሆኖ ፍለጋን እንዳያግድ ተከራክሯል።

የስልቱ ከባድ ፈተና የመጣው በሰዓት ኢንዱስትሪው ላይ ነው። የኳርትዝ ሰዓት በተስፋፋበት ዘመን፣ በ1970 ወደ 90,000 ይጠጋ የነበረው የዘርፉ ሠራተኛ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ገደማ አሽቆለቆለ። በ1983 ለገበያ የቀረበው ስዋች ከ90 በላይ የነበሩትን ክፍሎች ወደ 51 አወረደ፤ የሰዓቱ ሞተርም በቀጥታ በፕላስቲክ ቀፎው ውስጥ ተገጠመ። በደማቅ ቀለሙ ከጣቢያው ሰዓት ጋር የሚቃረን ቢመስልም አላስፈላጊውን በመቀነስ መርሕ ግን አንድ ናቸው።

በ2012 አፕል የጣቢያውን ሰዓት ገጽ በአይፓድ ላይ ከተጠቀመበት በኋላ ከባቡር ድርጅቱ ጋር የፈቃድ ውል ተዋውሏል። በመሣሪያው ላይ ግን በደቂቃው ምት የሚነሣ ባቡር የለም፤ የተላለፈው መልኩ እንጂ ሥራው አይደለም። በመሆኑም አንድን ስልት ወደ ሌላ ቦታ ለመውሰድ የሚሻ ተመራማሪ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ቅርጹ በትውልድ ስፍራው ምን ያከናውን እንደነበረ ነው።