ቁጥር፥ አቅጣጫና መለኪያ
(በራዲዮ ከሚሰጡት ትምህርታዊ ንግግሮች)

በየጽሕፈት ቤታችን ብዙ ቁጥር ይቀርብልናል። ይህን ያህል ኩንታል እህል፥ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር መንገድ፥ ይህን ያህል ሰዓት ጉዞ እየተባለ ይጻፋል። ቁጥሩን ደምሮ ከግርጌው መፈረም ቀላል ነው። ነገር ግን ከቁጥሩ አጠገብ መለኪያውና አቅጣጫው ይቆማሉ። እነዚህን የዘነጋ ድምር በወረቀት ላይ ትክክል መስሎ በሥራ ላይ ጉዳት ያደርሳል።

የእህል ክብደት አቅጣጫ የለውም፤ 3 ኩንታልና 4 ኩንታል ምንጊዜም 7 ኩንታል ነው። ጉዞ፥ ፍጥነትና ኀይል ግን መጠናቸው ብቻ ሳይሆን አቅጣጫቸውም መነገር አለበት። እንደዚህ ያሉትን ሊቃውንት ቬክተር ይሏቸዋል።

ለምሳሌ በዋግ ኽምራ፥ በደሃና ወረዳ፥ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከአምደወርቅ ከተማ ተነሥቶ 3 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ፥ ከዚያም 4 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ሄደ እንበል። እግሩ የረገጠው 7 ኪሎ ሜትር ነው። ከተነሣበት ስፍራ በቀጥታ የራቀው ግን 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ 3 በራሱ ሲባዛ 9፥ 4 በራሱ ሲባዛ 16፥ ድምራቸው 25 ይሆናልና፥ የ25 ሥር ደግሞ 5 ነው። ሁለተኛው ጉዞ በኪሎ ሜትር መነገሩ ቀርቶ «የግማሽ ቀን መንገድ» ቢባል ኖሮ ድምሩ ከቶ አይቻልም ነበር። በሜዳ ላይ የሚሄዱት ግማሽ ቀንና በደጋው ዳገት የሚወጡት ግማሽ ቀን እኩል ርቀት አይሰጡምና ነው።

አቅጣጫን ለይቶ ለመጻፍ አሃዳዊ ቬክተር የሚባል መሣሪያ አለ። ይህም ርዝመቱ 1 የሆነ፥ አቅጣጫን ብቻ የሚያመለክት ቀስት ነው። ወደ ምሥራቅ የሚያመለክተውን «ሀ»፥ ወደ ሰሜን የሚያመለክተውን «ለ» ብንለው የሠራተኛው ጉዞ 3 ኪሎ ሜትር ሀ ሲደመር 4 ኪሎ ሜትር ለ ተብሎ ይጻፋል። ይህን ጉዞ ለ5 ኪሎ ሜትር ብናካፍለው ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር ይጣፋና 0.6 ሀ ሲደመር 0.8 ለ ይቀራል። ይህ መለኪያ የሌለው ንጹሕ አቅጣጫ ነው። እንግዲህ መለኪያውን የሚሸከመው ቁጥሩ ነው፤ አሃዳዊው ቬክተር መንገድ መሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ያው ሀና ለ ለርቀትም፥ ለፍጥነትም፥ ለኀይልም ያገለግላሉ። ርቀትን ከፍጥነት ጋር መደመር ግን አቅጣጫቸው አንድ ቢሆንም እንኳ አይቻልም።

የተከዜ ወንዝ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ከወረደ በኋላ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ወደ ሰሜን በሚፈስበት ስፍራ፥ ስፋቱ 200 ሜትር ሲሆን፥ አንድ ጀልባ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ምዕራብ ይሻገራል እንበል። የውሃው ፍጥነትም በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ይሁን። ጀልባው ማዶ እስኪደርስ ውሃው 150 ሜትር ወደ ሰሜን ይወስደዋል። አሁን የውሃውን ፍጥነት የለካው ሰው በሴኮንድ ሜትር ለክቶ፥ መለኪያውን ሳይጽፍ፥ «0.83» ብቻ ቢልክስ? ቁጥሩ ትክክል ነው፤ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 0.83 ሜትር ያህል ነውና። በሰዓት ኪሎ ሜትር መስሎት የሚደምረው ጸሐፊ ግን ጀልባው 42 ሜትር ያህል ብቻ እንደሚወሰድ ያሰላል። ተሳፋሪዎቹን የሚቀበሉት ሰዎች በ42 ሜትር ላይ ሲጠብቁ፥ ጀልባው ከእነርሱ 108 ሜትር ያህል አልፎ ምናልባት ገደል ካለበት ዳርቻ ይደርሳል።

ይህ የምሳሌ ነገር ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት በ1991 ዓ.ም. የማርስን የአየር ጠባይ እንድታጠና አንዲት መንኮራኩር ልኮ ነበር። የመንኮራኩሯ ትንንሽ ሞተሮች የሰጧት ግፊት በአንድ ወገን በፓውንድ ተሰልቶ ሲላክ፥ መንገዷን የሚያሰሉት በሌላ ወገን በኒውተን የተነገረ አድርገው ተቀበሉት። አንድ ፓውንድ ኀይል ወደ 4.45 ኒውተን ስለሚሆን እያንዳንዱ ግፊት ከእውነተኛው ሩብ ባነሰ ተቈጠረ። ትንንሹ ስሕተት ለወራት ተጠራቅሞ በመስከረም 1992 ዓ.ም. ማርስ ዘንድ ስትደርስ፥ ከታሰበላት ከፍታ እጅግ ዝቅ ብላ፥ 57 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ወደ ፈለኩ አየር ገባች። 125 ሚሊዮን ዶላር የወጣባት መንኮራኩርም ጠፋች። የተላከው ቁጥር አልተሳሳተም፤ የተሳተው የቁጥሩ መለኪያ ነው።

ስለዚህ፥ ክቡራን አንባብያን፤ ከወረዳም ሆነ ከሌላ መሥሪያ ቤት ቁጥር ሲደርስዎ ከመደመርዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ በምን ተለካ? ወዴትስ ያመራል? ከዚያም መለኪያዎቹን ወደ አንድ ይመልሱ፤ የምሥራቁን ከምሥራቁ፥ የሰሜኑን ከሰሜኑ ጋር ይደምሩ። እርስዎም በተራዎ ቁጥር ሲልኩ መለኪያውን ሳይጽፉ አይላኩ። አበው «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ሥራም ነው።