ፖንዛ ላይ ጓያ በላሁ

«አንቺ ልጅ! እግርሽን ጠልተሽዋል እንዴ?» አለችኝ እማዬ በስልክ። ጣሊያን አገር፣ ባሕር ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ በ14 ዩሮ ጓያ መብላቴን ነግሬያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአጭር ሥልጠና ሮም ሰንብቼ ሁለት ቀን ተረፈኝ። አብረውኝ የነበሩት ፍሎረንስ ሄዱ። እኔ ፖንዛ የምትባለውን ደሴት የመረጥኩት በአጎቴ ምክንያት ነው። ጋሼ ታሪክ ማንበብ ነፍሱ ነው፤ «ራስ እምሩ የታሰሩባትን ደሴት አይተሽ፣ ቤቱንም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ» ብሎኝ ነበር።

ከፎርሚያ ወደብ መርከቡ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ፖንዛ እሳተ ገሞራ የወለዳት፣ ቀጭንና ረጅም ደሴት ናት፤ ስፋቷ 8 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ወደቡን ከበው የቆሙት ቤቶች ሮዝና ቢጫ ተቀብተዋል። ኪያያ ዲ ሉና የሚሉት ነጭ ገደል ደግሞ ወደ 100 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከላይ ቆሜ ቁልቁል ሳየው ጉልበቴ ራደ። ተራሮቹ ላይ እርከን ይታያል። ከ1734 እ.ኤ.አ. በኋላ የናፖሊ ነገሥታት ከኢስኪያና ከሌላም ቦታ አምጥተው ያሰፈሯቸው ገበሬዎች ወይን ሊተክሉ የሠሩት ነው። አሁን ብዙው እርከን ቁጥቋጦ ወርሶታል። ማን ይቆፍራል? ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለቱሪስት አልጋ ማከራየት ይሻላል፤ እኔም ብሆን እሱኑ አደርግ ነበር።

የደረስኩት ለሳን ሲልቬሪዮ በዓል ነው፤ በእኛ ሰኔ 13። የቅዱሱን ሐውልት ተሸክመው ወደብ ያወርዱና ጀልባ ላይ ጭነው ባሕሩን ያዞሩታል። ጥምቀትን ላየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ ጭብጨባው፣ ግፊያው፣ የተሸካሚዎቹ ላብ ሁሉ ያው ነው። ቅዱሱ በ537 እ.ኤ.አ. ከመንበራቸው ወርደው የተጋዙ የሮም ጳጳስ ናቸው። እዚያው አጠገብ ባለችው ፓልማሮላ ደሴት እንደሞቱ ይነገራል። የደሴቲቱ ጠባቂ ራሳቸው ግዞተኛ ነበሩ ማለት ነው።

ግዞቱ ከእሳቸውም በፊት ነበረ፣ ከእሳቸውም በኋላ ቀጠለ። ሙሶሊኒ ተቃዋሚዎቹን ወደዚህ ይልክ ነበር፤ ኋላ የጣሊያን ፕሬዚዳንት የሆኑት ሳንድሮ ፔርቲኒ አንዱ ናቸው። ራስ እምሩም ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ በምዕራብ ሲዋጉ ቆይተው፣ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተይዘው ወደ ጣሊያን ተጋዙ። ፖንዛ ላይ ሳንታ ማሪያ በሚባለው ሰፈር ታሰሩ። ሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ ግን እሱም ታስሮ ፖንዛ መጣ። ያስገቡት ራስ እምሩ ታስረውበት የነበረው ቤት ነው። 60ኛ ልደቱን እዚያው አከበረ፤ «አከበረ» ከተባለ።

ሳንታ ማሪያ ሄጄ አንዲት አሮጊት ዳቦ ሻጭ ጠየቅኩ። የሙሶሊኒን ቤት በጣታቸው አሳዩኝ። «እምሩስ?» ስላቸው ስሙን አያውቁትም። በእንግሊዝኛም በእጅም ብዬ አስረዳኋቸው። «ኦ! የአፍሪካው ልዑል!» አሉና አንድ ዳቦ በነፃ ጨመሩልኝ። ፎቶውን አንስቼ ለጋሼ ላክሁ።

ከዚያ ምሳ። ምግብ ዝርዝሩ ላይ «የፖንዛ ቺቸርኪያ ሾርባ» ይላል። ሲመጣ ሳየው ጠርዙ የተጠረበ፣ ትንሽ ድንጋይ የመሰለ ጥራጥሬ። ጓያ! ስልኬ ላይ አየሁ፤ ራሱ ነው፣ ሳይንሳዊ ስሙም አንድ።

እናቴና ጋሼ ያደጉት ደምቢያ ነው። ጋሼ በልጅነቱ በአንድ ክፉ ዓመት ጓያ በልቶ እግሮቹ ተሳሰሩ፤ ዛሬም በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ጓያ ድርቅን ይችላል። ሌላው ሰብል ሲጠፋ እሱ ይቀራል፣ ሰውም ለወራት እሱኑ ብቻ ይበላል። ጉዳቱ ያኔ ነው የሚመጣው።

ዩኒቨርሲቲ ስንማር ገቢ ሲጨምር ሰው የሚሸሸውን ምግብ «ኢንፌሪየር ጉድ» እንለው ነበር። ፖንዛም ላይ የድሃ ምግብ ነበር። አሁን ግን ከሮም የመጣ ሀብታም «ባህላዊ» ብሎ ይከፍልበታል። ይህን የሚያስረዳ ምዕራፍ መጽሐፋችን ውስጥ አላስታውስም። እኔም እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን እያየሁ፣ ወደ ደሴቷ የመጣሁት ለአንድ ቤት ፎቶ ብቻ መስሎኝ ነበር።

አብሳይዋን አስጠራሁ። ሌሊቱን ሙሉ ይዘፈዘፋል፣ ውሃው እየተደፋ ይቀየራል፣ ከዚያ በነጭ ሽንኩርት፣ በሴለሪና በቲማቲም ቀስ ብሎ ይበስላል። መርዙ በውሃ ስለሚሟሟ መዘፍዘፉ ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። እዚህ ደግሞ በዓመት አንዴ ሁለቴ የሚቀመስ ነገር ነው።

እማዬ ተቆጥታ ስትጨርስ ጋሼ ስልኩን ተቀበላት። ስለ ቤቱ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«ውሃውን ይደፉታል?» አለኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ሁለት ሦስቴ።»

ዝም አለ። «እኛ እኮ ያን ዓመት ውሃውንም የምንቀዳው ከሩቅ ነበር» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ቲማቲም ይገባበታል ነው ያልሽኝ?»