ዲግሪ ይዞ ወታደር መሆን፦ ከፊርማው በፊት

 

አንድ ምሽት ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ አባት እጄን ይዘው፣ «ኡስታዝ፣ ልጄ ከአሜሪካ ደውሎ፣ ‹አባ፣ ኮሌጅ ጨረስኩ፤ ሥራ ግን አጣሁ። ወታደር ልሆን ነውና ዱዓ አድርግልኝ› አለኝ። ተቆጥቼ ስልኩን ዘጋሁበት። አሁን ምን ልበለው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ልጁን የገፋው ሥራ ማጣት ብቻ አይደለም። ወለድ የሚቆጠርበት የትምህርት ብድር አለበት። መልማዩ «ጦሩ ዕዳህን ይከፍልልሃል» ብሎታል። ከወለድ ለመውጣት መፈለጉ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስቆጣ አይደለም። ነገር ግን ከዕዳ የሚወጣበት በር ወዴት እንደሚያስገባው አውቋልን? ለአባትየው ልጃቸውን የሚጠይቋቸው አራት ነጥቦች ጻፍኩላቸው።

አንደኛ፣ በየትኛው በር ነው የምትገባው? በአሜሪካ ምድር ጦር ባለ ዲግሪ ዜጋ ተፈትኖ ከተመረጠ የ12 ሳምንት የመኮንንነት ትምህርት ተከታትሎ ምክትል መቶ አለቃ ሊሆን ይችላል። የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያለው ግን የሚገባው በተራ ወታደርነት ነው። በሁለቱ መካከል የደመወዝም የኃላፊነትም ሰፊ ልዩነት አለ።

ሁለተኛ፣ ዕዳህ እንደሚከፈል ተጽፏልን? የብድር ክፍያው ለሁሉም የሚሰጥ አይደለም። የምልመላው ውል ራሱ በጽሑፍ ያልሰፈረ ቃል እንደማይጸና ይገልጻል። ብድር ስንዋዋል እንድንጽፍ ቁርኣን ያዘዘን እኛ፣ የራሳችንን ዕድሜ ስንዋዋል በአፍ ቃል ብቻ ልንረካ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ለስንት ዓመት? ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ውል በጠቅላላ የ8 ዓመት ግዴታ ነው። ጥቂቱን ዓመት በመደበኛ አገልግሎት ያሳለፈ ወጣት ቀሪውን በተጠባባቂነት ይቆያል። ቤቱ ቢመለስም እንደገና ሊጠራ ይችላል።

አራተኛውና ከባዱ፣ ሕሊናህ የማይቀበለው ጦርነት ቢመጣስ? ሙሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1967 ለቬትናም ጦርነት አልመለመልም በማለቱ የዓለም ሻምፒዮንነቱን ተነጠቀ፤ 5 ዓመት እስራትም ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971 ፍርዱን ሻረለት። ሆኖም በዚያው ዓመት ይኸው ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ፣ ጦርነትን ሁሉ ሳይሆን አንዱን ጦርነት ብቻ የሚቃወም ሰው በሕሊና ምክንያት ነፃ እንደማይሆን ወሰነ። ዓሊ በግዳጅ የተጠራ ነበር። የግዳጅ ምልመላው በ1973 ቀርቷል፤ የዛሬው ወጣት የሚገባው በገዛ ፊርማው ነው። ከፈረመ በኋላ «ይህን ጦርነት እዘምታለሁ፣ ያንን አልዘምትም» ሊል አይችልም።

በዚያ ጦር ውስጥ ሙስሊሞች እንደሚያገለግሉ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ሙስሊም የሃይማኖት አገልጋይ የተሾመውም በ1993 ነው። ስለዚህ የዚህ ልጅ ጥያቄ «ሶላት መስገድ ይቻላል ወይ?» በሚለው ብቻ አያበቃም። ትልቁ ጥያቄ የሚታዘዘው ለማንና በምን ላይ እንደሆነ ነው። ይህንን ደግሞ በአካባቢው ካሉ ዑለማዎች ጋር ሊመካከርበትና ኢስቲኻራ ሊያደርግበት ይገባል።

አባትየው በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ደውለው ነበር። ልጁ ከአራቱ አንዱን እንኳ አልጠየቀም ኖሯል። «አልፈርምም አላለኝም። ‹ጠይቄ እደውልልሃለሁ› ነው ያለኝ» አሉኝ።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ለምክር ሲደውል ስልኩን አትዝጉበት። እናንተ ዘግታችሁ ሳለ ሌላ ሰው ብዕር ያቀብለዋል። ወጣቶችም፣ ዲግሪያችሁን ያገኛችሁት አንብባችሁ ነውና ውላችሁንም አንብቡ።

አላህ መልካሙን ይምረጥልን።

ወሏሁ አዕለም።