ክብደት ሲቀንሱ የሚጠፋው ስብ ነው ወይስ ጡንቻ?

ምግብ መቀነስ በጀመሩበት ሳምንት ሚዛን ላይ ሲወጡ ሁለት ኪሎ ጠፍቶ ሊያገኙ ይችላሉ። ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ስብ የሆነው ጥቂቱ ነው። ሚዛን ስንት ኪሎ እንደቀነሱ ይነግርዎታል እንጂ የጠፋው ስብ፣ ውሃ ወይም ጡንቻ መሆኑን አይለይም። ለጤናዎ ግን ዋናው ጉዳይ ይህ ነው።

መጀመሪያ የሚቀንሰው ምንድን ነው?

ሰውነት ተኝተን እያለም ኃይል ያቃጥላል። የምንበላው ከምናቃጥለው ሲያንስ ጉድለቱን ካጠራቀመው ይሞላል። ቶሎ የሚያልቀው ግላይኮጅን የሚባለው የስኳር ክምችት ነው። በአዋቂ ሰው ጉበት ውስጥ ወደ 100 ግራም፣ በጡንቻ ውስጥ ደግሞ ወደ 400 ግራም ይገኛል። እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ስለሚቀመጥ ክምችቱ ሲቀንስ ውሃውም አብሮ ይወጣል። እንጀራና ዳቦ እንደ ቀድሞው መብላት ሲጀምሩ ይህ ክብደት በሁለት ሦስት ቀን ቢመለስ አይደንግጡ፤ የተመለሰው በአብዛኛው ውሃ ነው። ሆድን በላስቲክ ጠቅልሎ በማላብ የሚገኘው ቅናሽም እንዲሁ ውሃ ሲጠጡ ይመለሳል።

ስቡ የት ይሄዳል?

ትልቁ ስንቅ ስብ ነው። ምግብ ከተበላ ሰዓታት ሲያልፉ በደም ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ዝቅ ይላል፤ በዚህ ጊዜ የስብ ሕዋሳት ያጠራቀሙትን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብና ጡንቻ ያቃጥሉታል፣ ጉበት ደግሞ ከፊሉን ኬቶን ወደሚባል ነዳጅ ይለውጠዋል። ሕዋሳቱ ይሟሽሻሉ እንጂ አይጠፉም። የሚገርመው መውጫው ነው፦ 10 ኪሎ ስብ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 8.4 ኪሎ ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ ቀሪው 1.6 ኪሎ ውሃ ይሆናል። (ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ያከሳል ማለት ግን አይደለም።) ስቡ ከየትኛው የሰውነት ክፍል ይውጣ ብሎ መምረጥም አይቻልም። የሆድ ስፖርት የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል እንጂ ቦርጭን ለይቶ አያቀልጥም።

1 ኪሎ የሰውነት ስብ ለማጥፋት ወደ 7,700 ካሎሪ ጉድለት ያስፈልጋል። በቀን 500 ካሎሪ የሚቀንስ ሰው ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። «በሳምንት 5 ኪሎ ስብ እናጠፋለን» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ሂሳቡን ራስዎ ይሥሩት፦ በቀን 5,500 ካሎሪ ጉድለት ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው ግን በቀን የሚያቃጥለው በጠቅላላ ከ2,000 እስከ 3,000 ቢሆን ነው።

ጡንቻ ለምን ይነካል?

አንጎል በዋናነት የሚሠራው በግሉኮስ ነው። ስብ ደግሞ ወደ ግሉኮስ የሚለወጠው በጣም በጥቂቱ ነው። ስለዚህ የስኳር ክምችቱ ሲመናመን ሰውነት የጡንቻን ፕሮቲን ይፈታና ጉበት ከዚያ ግሉኮስ ይሠራል። ረሃቡ ለቀናት ከቀጠለ አንጎል ኬቶንን መጠቀም ስለሚለምድ የጡንቻው መፍረስ ይቀንሳል፤ ነገር ግን አይቆምም። መጠኑ ከሰው ሰው ቢለያይም፣ በምግብ ቅነሳ ብቻ ከሚጠፋው ክብደት ሩብ ያህሉ ስብ ያልሆነ የሰውነት ክፍል ነው።

ጡንቻ ከወንበር የሚያስነሳን፣ ከመውደቅ የሚጠብቀንና ስኳርን ከደም እየወሰደ የሚጠቀም አካል ነው። በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች ክብደት ሲቀንሱ ቤተሰብ ይህን ልብ ሊለው ይገባል፤ በዚያ ዕድሜ የጠፋ ጡንቻ በቀላሉ አይመለስም።

ጡንቻዎን እንዴት ያቆያሉ?

ጡንቻ የሚቆየው ሥራ ሲሰጡት ነው። የእግር ጉዞ ለልብ እጅግ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ግን ብቻውን አይበቃም። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ጡንቻን የሚፈትን እንቅስቃሴ ይጨምሩ፦ በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር ደጋግሞ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ እየገፉ ፑሽ አፕ መሥራት፣ ውሃ የሞላ ትንሽ ጀሪካን ማንሳት። ቅነሳውም በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛው ፕሮቲን ነው። ክብደት በሚቀንሱበት ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደትዎ በቀን 1.2 ግራም ያህል ይመከራል፤ ለ70 ኪሎ ሰው 84 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ 100 ግራም ጥሬ ምስር ደግሞ ወደ 25 ግራም ይሰጣል። በጾም ወቅትም ይህን ማሟላት ይቻላል፤ ምስር፣ ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ አሉና። ችግሩ የሚመጣው እንጀራው በዝቶ ሽሮው ሲቀጥን ነው። የኩላሊት ሕመም ካለብዎት ግን ፕሮቲን ከመጨመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ።

ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ምግብ ከመቀነስዎ በፊት ሐኪምዎ መድኃኒቱን ማስተካከል ሊኖርበት ይችላል። መድኃኒቱ በቀድሞው መጠን ቀጥሎ ምግቡ ሲቀንስ ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ መንቀጥቀጥ፣ ማላብና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው።

ሳያስቡት መክሳት ሌላ ነገር ነው። ምግብ ሳይቀንሱ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ከክብደትዎ 5 በመቶ፣ ማለትም 70 ኪሎ የነበረ ሰው 3.5 ኪሎ ከቀነሰ፣ «አማረብህ» ወይም «አማረብሽ» መባሉ አያዘናጋ። የሳንባ ነቀርሳ፣ ስኳር፣ የታይሮይድ እጢ ሕመም ወይም ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም ሄደው ይመርመሩ።