ምግብ እምቢ ያለ ጌኮ፤ ከትሉ በፊት ወለሉ

በአሜሪካና በአውሮፓ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ከሚያሳድጓቸው እንሽላሊቶች መካከል ሊዮፓርድ ጌኮ በጣም ከተለመዱት አንዱ ነው። መነሻው የአፍጋኒስታን፣ የፓኪስታንና የሰሜን ምዕራብ ሕንድ ደረቅና ድንጋያማ ምድር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1854 በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረው በሕንድ ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ብላይዝ ነው። ቢጫ ቆዳው ጥቁር ነጠብጣብ አለበት፤ ጅራቱ ወፍራም ነው፤ ጣቶቹ ግድግዳ ላይ የሚጣበቁ ስላልሆኑ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ከአብዛኞቹ ጌኮዎች በተለየም ዐይኑን መክደን ይችላል። በደንብ ከተያዘ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ይህ እንስሳ አንድ ቀን ምግብ እምቢ ሲል አሳዳጊው መደንገጡ አይገርምም። የሚያሳዝነው፣ ድንጋጤው አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ወደ ምግቡ መሆኑ ነው፤ ሲበላው የቆየው ትል በፌንጣ ይለወጣል፣ ፌንጣው በሌላ ዓይነት ነፍሳት ይተካል፣ በመጨረሻም አፉን በግድ ከፍቶ ማጉረስ ይመጣል። ከዚህ ሁሉ በፊት መታየት ያለበት ጌኮው ሆዱን የሚያሳርፍበት ወለል ምን ያህል ይሞቃል የሚለው ነው።

ጌኮ የሰውነቱን ሙቀት ከውጭ የሚያገኝ ፍጥረት ነው። ምግብ የሚፈጩት ኢንዛይሞች በቂ ሙቀት ካላገኙ ሥራቸው ይንቀራፈፋል፤ በብርድ ቀን የእንጀራ ሊጥ አልቦካም እንደሚለው ሁሉ፣ የቀዘቀዘ ጨጓራ ውስጥ የገባ ፌንጣም ሳይፈጭ ይቆያል፤ ጌኮው መልሶ ሊያስታውከውም ይችላል። ስለዚህ የበረደው ጌኮ አለመብላቱ ግትርነት ሳይሆን ራሱን መጠበቁ ነው። እንስሳው የሚወጣው በጨለማ ስለሆነ ሙቀት ምን ያደርግለታል የሚሉ አሉ። በትውልድ ቦታው ቀኑን በድንጋይ ስንጥቅና በጉድጓድ ውስጥ ያሳልፋል፤ አመሻሽ ላይ ሲወጣ ግን ፀሐይ ስታግለው የዋለው ድንጋይ ገና አልበረደም፤ ሙቀቱንም በሆዱ ይቀበላል። የዓመቱ ቅዝቃዜ ሲበረታ ደግሞ ጉድጓዱ ገብቶ፣ በጅራቱ ያከማቸውን ስብ እየተጠቀመ ሳይበላ ይሰነብታል። ሙቀት በዚህ ዝርያ ላይ ያለው ሥልጣን ከምግብም ያልፋል፤ እንቁላሎቹ በ26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከቆዩ የሚፈለፈሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ በ32.5 ገደማ ሲሆን ወንዶቹ ያመዝናሉ። ጾታን የሚወስን ነገር የምግብ ፍላጎትን ቢወስን ምን ይደንቃል?

ችግሩ፣ ሙቀቱን ለክተናል የሚሉ ብዙዎች የለኩት ሌላ ቦታ መሆኑ ነው። ጌኮው በሚኖርበት ሳጥን መስታወት ላይ የሚለጠፈው ክብ ቴርሞሜትር የሚናገረው ስለ አየሩ ነው፤ ወለሉ ከዚያ በብዙ ዲግሪ ሊበርድ ወይም ሊግል ይችላል። ገመድ ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትር ይገዛና ጫፉ ጌኮው በሚተኛበት መጠለያ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ይቀመጥ። በሳጥኑ አንድ ጫፍ 32 ዲግሪ ገደማ፣ በሌላው ጫፍ 25 ገደማ ከሆነ እንስሳው የሚስማማውን ራሱ ይመርጣል። ከሥር የሚነጠፈው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ከሌለው ሆዱን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ከልክ ያለፈ ሙቀትም እንደ ብርዱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ሙቀቱ ተስተካክሎ ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ አንድ ፌንጣ ብቻ ፊቱ ይለቀቅ። ሊበላ የፈለገ ጌኮ አንገቱን ያነሳል፣ ቀስ ብሎ ይጠጋል፣ የጅራቱ ጫፍ መርገብገብ ይጀምራል፣ ከዚያ ይወረወራል። ይህን ሳያደርግ ፊቱን ካዞረ ፌንጣውን ማውጣት ነው፤ አብሮት ካደረ ጌኮውን ራሱን ሊነክሰው ይችላል።

እርግጥ፣ የማይበላ ሁሉ በርዶት አይደለም። ቆዳውን ሊቀይር የተቃረበ ጌኮ መልኩ ይነጣል፣ ለጥቂት ቀናት ምግብ ይተዋል፣ ከዚያ የገፈፈውን ቆዳ ራሱ ይበላዋል። በመራቢያ ወቅት ወንዱም ሴቷም ሊያቋርጡ ይችላሉ፤ ቤት የቀየረም እንዲሁ። እነዚህን ጊዜ ይፈታቸዋል። ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከበሽታ በኩል ነው፤ ቴርሞሜትር ስናይ የታመመውን እንስሳ ጊዜ አናባክንበትም ወይ? የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን፣ የተዋጠ አሸዋ፣ የካልሲየም እጥረት ሁሉም የምግብ ፍላጎት ይዘጋሉ። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተሕዋስ ጅራቱን እስኪሰልል ያከሳዋል፤ አስተማማኝ መድኃኒትም አልተገኘለትም። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ የሚመልሰው ደግሞ ሚዛን ነው። በግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን በየሳምንቱ ያለውን ለውጥ ያሳያል። ጅራቱ እንደወፈረ ያለ ጎልማሳ ጌኮ ሳምንታት ሳይበላ ቢቆይ ክብደቱ ብዙም አይነቃነቅም፤ ከክብደቱ አንድ አሥረኛውን ካጣ፣ ተቅማጥ ካለው ወይም ጅራቱ ከቀጠነ ግን ትኩስ ኩሱን ይዞ ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ ነው። እዚያም መጀመሪያ ከሚጠየቁት አንዱ የወለሉ ሙቀት ነው፤ በበረደ ሰውነት ውስጥ መድኃኒቱም በቅጡ አይሠራም፣ በግድ የተጎረሰውም አይፈጭም። ገና የጥቂት ወራት ዕድሜ ያለው ግልገል ግን በጅራቱ ይህን ያህል ስንቅ ስለሌለው ሳምንታት ሊጠበቅ አይገባም፤ ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ በቀናት ውስጥ ካልበላ ሐኪም ይየው።