አልወርድ ያለው ውሃ

የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ ነው። ውሃ የሚመጣበት ቀን ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ማንኮራፋት ሲጀምር ተነስተን ጀሪካኑን ሁሉ ሞላን፣ ልብስ ዘፈዘፍን። ሲነጋጋ ባኞ ቤት ብገባ ማንም ያልነካው የሽንት ቤት መቀመጫ ውስጥ ያለው ውሃ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ከላይ አንድ ሰው ውሃ ለቀቀ፤ የእኔው ከፍ አለ። ከአፉ ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው ቆመና ቡልቅ ቡልቅ እያለ፣ ቡና ተቆልቶ እስኪወቀጥ የሚያህል ጊዜ ፈጅቶ ወረደ።

ወር ሙሉ “ሽንት ቤቱ ይዘገያል” እያልን ነው የከረምነው። በረኪና አፍስሰንበታል። ጎማ ባለው መግፊያ ገፍተናል። አንድ ጎረቤት አሲድ እንድንጨምር መክሮን ነበር፤ ደግነቱ አልጨመርንም። ሁላችንም ጥፋቱን ከመቀመጫው ፈለግነው፤ በዓይናችን የሚታየን እሱ ነዋ።

የመጣው ሳኒተሪ ሠራተኛ ዕቃውን እንኳ አላወጣም። “ጋሼ፣ አንድ ባልዲ ሙሉ ውሃ ያምጡልኝ” አለ። ባልዲውን ወገቡ ድረስ አንስቶ በአንድ ትንፋሽ ደፋው። ውሃው እንደ ለመደው ከፍ ብሎ ቆመ፣ ተንቀራፈፈ። ልጁ ራሱን ነቀነቀና ወጥቶ ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኳ።

“እማማ፣ የእርስዎስ ሽንት ቤት እንዴት ነው?”

“የኔማ ልጄ፣ ከፋሲካ ጀምሮ ይገነፍላል። ለማን ልንገር? የላይኞቹ እንደሆኑ ደህና ነን ይላሉ።”

እኚህ እናት ሁለት ወር ሙሉ ጨርቅና መጥረጊያ ይዘው ብቻቸውን ሲታገሉ ኖረዋል። በሁለታችን በር መካከል ያለው ርቀት ሦስት እርምጃ ነው።

ያቺን የባልዲ ሙከራ ማንኛውም ሰው በቤቱ ሊሠራት ይችላል። ሰባት ስምንት ሊትር ውሃ በአንዴ ሲደፋ ሽንት ቤቱ ጥርግ አድርጎ ከወሰደ መቀመጫውም መውረጃውም ጤነኛ ናቸው፤ ችግሩ ከላይ፣ ውሃውን ከሚለቀው ታንከር ነው። በባልዲም ካልሄደ ታንከሩን መነካካት ከንቱ ድካም ነው፤ የተዘጋው ከታች ነው። ሠራተኛ ሳይጠራ፣ መለዋወጫ ሳይገዛ ግማሹ ጥያቄ ተመለሰ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አገር የተለመደው መቀመጫ ቆሻሻውን የሚወስደው በመገፍተር ነው። ከታንከሩ የሚወርደው ውሃ በፍጥነት ሲመጣ ከመቀመጫው ሥር የታጠፈችው አንገት ውስጥ የተኛውን ውሃ ከነያዘው ይገፋዋል። ያቺ አንገት ሁልጊዜ ውሃ ይዛ የምትቆየው ከፍሳሹ መስመር የሚመጣው ሽታ ቤት እንዳይገባ ነው። የለንደኑ ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ከሚንግ እ.ኤ.አ. በ1775 በስሙ ያስመዘገበው ሥራ ዋና ቁም ነገር ይህች መታጠፊያ ነበረች፤ እስከ ዛሬም የሚተካት አልተገኘም። ስለዚህ ሽንት ቤት የሚያስፈልገው ብዙ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ፈጥኖ የሚደርስ ውሃ ነው። አንድ ሙሉ ጀሪካን ቀስ እያሉ ቢያንቆረቁሩበት ውሃው ሾልኮ ያልፋል እንጂ ምንም አይገፋም።

ታንከሩ ጋ ያለው ጣጣ ቀላል ነው። ክዳኑን አንስተው ይዩ። ውሃው ከመትረፊያው ቱቦ አፍ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት፤ ከዚያ በጣም ካነሰ ተንሳፋፊው ዝቅ ተደርጎ ታስሯል ወይም ከግድግዳው የሚመጣው መዝጊያ በግማሽ ተከፍቷል። ከሥር ያለው ጎማ ካረጀ ደግሞ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል፤ ጠዋት የሚያገኙት ጎዶሎ ታንከር ነው። ይህን ለማወቅ ቀይ ሥር ቀቅለው ውሃውን ታንከሩ ውስጥ ይጨምሩና ግማሽ ሰዓት ማንም እንዳይነካው ያድርጉ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ ጎማው ያፈሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህች ጎማ የአንድን ቤተሰብ ሮቶ ታራቁታለች፤ ዋጋዋ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ድሬዳዋና መቀሌ ለኖረ ሰው ሌላ ጠላት መጥቀስ ያስፈልጋል። እዚያ ውሃው ካልሲየም የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ከመቀመጫው ከንፈር ሥር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችም ቀስ በቀስ ይደፍናቸዋል። መስታወት ከሥር ይዘው ቢያዩት ይታያል። መድኃኒቱ አቼቶ ነው። ለብ አድርገው በመትረፊያው ቱቦ በኩል ማታ ያፍስሱት፣ ሲያድር የላላውን በቀጭን ሽቦ ይጎርጉሩት።

ውሃ ለመቆጠብ ብለው ታንከሩ ውስጥ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ወይም ጡብ የሚያስቀምጡ ቤቶች አሉ። አሳባቸው የሚያስመሰግን ነው። ሒሳቡም ያስጨንቃል፤ አምስት ሰው ያለበት ቤት እያንዳንዱ በቀን አምስት ጊዜ 9 ሊትር ቢለቅ 225 ሊትር ይሆናል፣ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ከ11 በላይ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በ9 ሊትር እንዲሠራ ተደርጎ የተቀረጸ መቀመጫ በ5 ሊትር አይሠራም። ይህን አሜሪካኖች በትልቁ ቀምሰውታል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የኃይል ፖሊሲ ሕግ ከ1994 ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት የሚሠራ አዲስ ሽንት ቤት በአንዴ ከ6 ሊትር ገደማ በላይ እንዳይለቅ ከለከለ፤ ቀድሞ የተለመደው 13 ሊትር ነበር። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች የመቀመጫውን ቅርጽ ሳይለውጡ ውሃውን ብቻ ቀነሱት። ሰዉ ሁለቴ ሦስቴ መልቀቅ ያዘ፣ ቁጠባውም ተሸረሸረ። ነገሩ የተስተካከለው ሽንት ቤቶቹ በአኩሪ አተር ሊጥ መፈተን ሲጀምሩና የውስጥ ቅርጻቸው እንደ አዲስ ሲነደፍ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢው ያሉ ወገኖቻችን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የተሠራ ቤት ገዝተው ሽንት ቤቱ አስቸግሯቸው ከሆነ ጥፋቱ ከዚያ ዘመን ሥሪት ሊሆን ይችላል። የዚያ አገሩ መቀመጫ በብዛት የሚሠራው በመምጠጥ ስለሆነ አንገቱም ከእኛው ይጠብባል።

መቆጠብ የሚፈልግ ሰው የሚያዋጣው ሁለት ቁልፍ ያለው ታንከር ነው፤ አንዱ ለሽንት 3 ሊትር፣ ሌላው 6 ሊትር የሚለቀው። ሥራው ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ ድርቅ ከሚያውቅ አገር።

አሁን ወደ እኛ ብሎክ ልመለስ፤ ከባዱ ነገር ያለው እዚያ ነውና። ከፎቆቹ የሚወርደው ፍሳሽ ቁልቁል እስከሚወርድ ድረስ ችግር የለበትም። ችግሩ የሚጀምረው ከሕንፃው ሥር ጀምሮ እስከ ማንሆሉ፣ ከማንሆሉም እስከ ሴፕቲክ ታንኩ ባለው አግድም መስመር ነው። ያ ቱቦ በአንድ ሜትር ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል እያዘቀዘቀ መሄድ አለበት። አፈሩ ሰምጦ ቱቦው መሐሉ ላይ ካጎነበሰ ፍሳሹ እዚያ ላይ ይተኛል። በዚህ ላይ የውሃ ፈረቃ ይጨመራል። ውሃ በጠፋባቸው ቀናት እያንዳንዱ ቤት በግማሽ ባልዲ ይለቃል፤ ምን ያድርግ? ግማሽ ባልዲ ቆሻሻውን ከመቀመጫው ያወጣዋል፣ ማንሆሉ ድረስ ግን አያደርሰውም። መንገድ ላይ ይቀራል፣ ይደርቃል፣ የሚቀጥለው ይደረብበታል። በየቤቱ የተገኘው ቁጠባ ሕንፃው ሥር ተጠራቅሞ ግራውንድ ላሉት ይተርፋል። ለዚህ ነው ቢያንስ ውሃ በመጣ ቀን ሁሉም ቤት አንድ አንድ ባልዲ ሙሉ ውሃ በአንዴ መልቀቅ ያለበት።

ከዚያ ደግሞ የምንጥለው ነገር አለ። ሞዴስ፣ ዳይፐር፣ የጋዜጣ ቁራጭ፣ የተረፈ ወጥ ከነዘይቱ። ሶፍት ውሃ ውስጥ ይበተናል፤ ሞዴስ ግን ውሃ መጥጦ እንዲያብጥ ተብሎ የተሠራ ነው። በየሽንት ቤቱ ክዳን ያለው ትንሽ ቅርጫት ቢቀመጥ የአንድ ዓመት ራስ ምታት ይቀንሳል።

አንድ የሚዘነጋ ነገር ልጨምር፤ መስመሩ መተንፈሻ አለው። ከጣሪያው በላይ የሚወጣው ባዶ ቱቦ ለጌጥ አይደለም። ውሃ ቁልቁል ሲሮጥ ከኋላው አየር ካላገኘ የሌሎቹን ቤቶች አንገት ውሃ ይመጠምጠዋል፤ ያኔ ሽንት ቤቱ ያጉረመርማል፣ ሽታም ይገባል። ጣሪያ ላይ ሮቶ ወይም ዲሽ ሲተከል ያ ቱቦ ተሰብሮ ወይም ተደፍኖ የቀረበት ሕንፃ ካለ፣ ነዋሪው ከታች ሆኖ የሚፈልገው ጥፋት ከላይ ነው።

የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1990ዎቹ አጋማሽ ገርጂ ላይ በሙከራ ሲጀመር ተስፋው ትልቅ ነበር። የጋራ ጉድጓድ ሽንት ቤት ላይ ተሰልፎ ላደገ ሰው፣ በሩ በራሱ ቁልፍ የሚዘጋ፣ ውሃ የሚለቀቅበት ሽንት ቤት ክብር ነው። እናቴ የመጀመሪያ ቀን ደጋግማ ገብታ ስትመለከተው ትዝ ይለኛል። ቤቱ ግን ከከተማው የፍሳሽ መስመር ቀድሞ ሄደ። ቃሊቲ ያለው ማጣሪያ በ1970ዎቹ ሥራ ሲጀምር በቀን 7,500 ሜትር ኩብ ገደማ እንዲያስተናግድ ነበር የታሰበው፤ ዛሬ ተስፋፍቶ 100,000 ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም ላይ ደርሷል። ትልቅ እመርታ ነው። ሆኖም ከመስመሩ ጋር ያልተገናኘው ሕንፃ ፍሳሹን ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ አጠራቅሞ መምጠጫ መኪና ይጠብቃል። ታንኩ ሲሞላ መጀመሪያ የሚናገረው የሽንት ቤቱ መዘግየት ነው። መምጠጫው ሳይመጣ ከቀረ የሚገነፍለው ወደ ጎርፍ መውረጃ፣ ከዚያ ወደ አቃቂ ወንዝ ነው፤ በወንዙ ዳር ደግሞ አትክልት ይለማል።

ሽንት ቤትዎ በጋውን ደህና ከርሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ መቀመጫውን አይውቀሱ። ወይ የዝናብ ውሃ ክዳኑ በተሰበረ ማንሆል ይገባል፣ ወይ የጣሪያው አሸንዳ ከፍሳሹ ጋር ተገናኝቷል።

ስለ አሲዱ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በረኪና በፈሰሰበት ሽንት ቤት ላይ አሲድ፣ አቼቶም ቢሆን፣ መጨመር ክሎሪን የተባለውን መርዛማ ጋዝ ያስነሳል። በጠባብ ባኞ ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል፤ ሊገድልም ይችላል። እኛም ያን ጎረቤት ብንሰማው ኖሮ የምናደርገው ይህንኑ ነበር። ከዚህ የከፋው ሰው ወደ ሴፕቲክ ታንክ ማስገባት ነው። እዚያ የሚጠራቀመው ጋዝ አንድ ሁለት ትንፋሽ ሳይሞላ ራስን ያስታል፤ ሊያድን የገባውም ተከትሎት ይወድቃል። ለዕለት ጉርሱ የመጣ ወጣት ገመድ ታጥቆ እንዲገባ የሚጠይቅ ኮሚቴ ካለ ያ ኮሚቴ ያቁም። ታንክ የሚጸዳው በመኪና ነው።

አዋጅ ቁጥር 370/1995 የኮንዶሚኒየም ባለቤቶች በማኅበር እንዲደራጁና የጋራ የሆነውን የሕንፃ ክፍል በጋራ እንዲያስተዳድሩ ደንግጓል። የጥበቃ ደመወዝ ስንከፍል፣ የደረጃ መብራት ስንቀይር ይህን አንረሳም። የማይታየው ቱቦ ላይ ስንደርስ ግን “ግራውንድ ያላችሁ አሠሩት” እንባባላለን። በእኛ ብሎክ መጀመሪያ የተባለው ይኸው ነበር። የሚገነፍለው ከላይ የወረደው ሆኖ ሳለ የጥገናው ወጪ ግን ከታች ላሉት ጡረተኛ እማማ ሊሰጥ ነበር። ልክ አይደለም። በስብሰባው ላይም ተናግሬዋለሁ።

ሳኒተሪው ልጅ ማንሆሉን ለማግኘት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀበት፤ ግቢው ሲነጠፍ ከንጣፉ ሥር ቀብረውት ኖሯል። ክዳኑ ሲነሳ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ረጅሙን ሽቦ እያሽከረከረ ወደ ሕንፃው አቅጣጫ ላከው፤ አራተኛው ሜትር ላይ ያዘ። ስቦ ሲያወጣው ጫፉ ላይ የተጠቀለለ የወለል መወልወያ ጨርቅ፣ የጠጠረ ዘይትና በርካታ ሞዴስ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የቆመ ጎረቤታችን አየና ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። እማማ የራሳቸውን ባልዲ ይዘው ወጡ፣ ሞልተው ራሳቸው ደፉት። ወረደ። “እስቲ ድገሚው በሉኝ” አሉና እንደገና ደፉት።

እርስዎም የብሎክዎ ማንሆል የት እንዳለና ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው መቼ እንደሆነ ጎረቤትዎን ይጠይቁ። የሚያውቅ ከጠፋ ክረምቱ ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ ክዳኑን ያስነሱ። ከዚያ በፊት ግን ግራውንድ ላይ የሚኖረውን ሰው በር ያንኳኩ።